ታምሩ እየጻፈ ነው

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ጥላ አየሁ፣ የሞተ ሰው በስሜ ጠራኝ፣ አባያ ሐይቅ ዳር እሳት ብቻውን ሲሄድ ነበር የሚሉ ሰዎች ሱቄ መጥተው ሲጀምሩኝ፣ ቻርጀር ነው የምትፈልጉት ወይስ ካርድ ብዬ ነው የማቋርጣቸው። አጋንንት የለም እያልኩ አይደለም፣ በጸሎት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ሲጮህም ሲወጣም አይቻለሁ፣ ግን እሱ በቀን፣ በሰው ፊት፣ ማይክራፎን ተደግኖበት ነው የሚጮኸው፣ ከዚያ ይወጣል፣ የለቀቀው ሰውም ውሃ ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይኼኛው ግን ወጥቶ አልሄደም። የምነግራችሁም እንድታምኑኝ ብዬ ሳይሆን ለሰው ባወራው ይቀለኛል ብዬ ነው፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ገና አምኜ አልጨረስኩም።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። አሁን የሞባይል ሽፋንና የጆሮ ማዳመጫ የምሸጥበት ክፍል ድሮ ኢንተርኔት ቤት ነበር፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ በሩ ላይ እኔው ራሴ በቀይ ቀለም የጻፍኩት ማስታወቂያ ያለበት፣ ፊደሎቹ እየሄዱ እያነሱ የመጨረሻዋ ጥግ ላይ ተጨናንቃ የቀረች፣ እስከ ዛሬ ይሳቅብኛል። ኮምፒውተሮቹ ሆዳቸው ወደ ኋላ የተነፋ፣ ሙቀታቸው ከአርባ ምንጭ ሙቀት ጋር ተደምሮ ሰው የሚቀቅል፣ የኪቦርዱ ፊደል ተፍቆ ጣት በልምድ ብቻ የሚሄድበት ነበር። ግን ያኔ ኢንተርኔት ቦታ ነበር፣ ይገባችኋል? ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ የሚሄድበት ቦታ። መስመሩ ሲደወል መጀመሪያ ያፏጫል፣ ከዚያ ያንቋርራል፣ ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ያንኮራፋል፣ ቤቱ ሙሉ ሰው እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ ይጠብቃል፣ ድንገት ጸጥ ሲል "ገባ" ይባባላሉ፣ እመኑኝ፣ የዚያችን ቃል ደስታ ዛሬ በምንም አላገኘውም።

አሁንማ ሁሉም ሰው ውስጥ ነው፣ የሚገባም የሚወጣም የለም። ያኔ አንድ ሰው ሰላም ብሎ ከጻፈላችሁ በእርግጥ እናንተን ብሎ ነው፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ መብራት ሳይጠፋ ለመጨረስ እየተጣደፈ ነው የጻፈው። ዛሬ ግን ሰው ሁሉ ፊቱን እያሳየ ይጮኻል፣ ይጨፍራል፣ ያለቅሳል፣ ለማን እንደሆነ ግን አይታወቅም፣ እኔ ከሱቄ ቁጭ ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳየው እውላለሁ፣ ማታ አንዱንም አላስታውስም። እሺ፣ አርጅተሽ ነው በሉኝ፣ ልጆቼም የሚሉኝ እሱን ነው።

በዚያ ዘመን ከደንበኞቼ ሁሉ የምወዳቸው እማማ አመነች ነበሩ። ከዶርዜ ወርደው ሲቀላ ገበያ ቆጮና ዳጣ የሚሸጡ፣ ባላቸው ሸማኔ የነበሩ፣ ማንበብም መጻፍም የማይችሉ፣ አማርኛቸው ከዶርዝኛው ጋር የተጋባ ስለሆነ እኔን ሴቷን አንዳንዴ "አንተ" እያሉ የሚጠሩኝ ሴት ናቸው። የበኩር ልጃቸው ታምሩ እንደ ብዙዎቹ የአካባቢያችን ልጆች ሸማውን ትቶ በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሻገር ወጣ። መጀመሪያ ናይሮቢ ተቀመጠ፣ ከዚያ ስማቸውን በቅጡ ከማላውቃቸው ከተሞች ይጽፍ ነበር፣ እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው አጠገቤ ይቀመጣሉ፣ እሱ በቻት ይጽፋል፣ እኔ አነብላቸዋለሁ፣ የሚሉትን እጽፍለታለሁ። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የምንጽፈው፣ ያኔ ሌላ አልነበረም።

አንድ የራሳቸው የሆነ ጨዋታ ነበራቸው። በደጋው፣ በእነሱ አገር፣ ሰው አጥር አልፎ በር አያንኳኳም፣ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ "ቤቶች" ብሎ ይጣራል፣ ከውስጥ የማን ልጅ ነህ ይሉታል፣ የአባቱን ስም ይናገራል፣ ከዚያ ግባ ይባላል። ታምሩም ቻቱን ሲከፍት ሰላም አይልም፣ "ቤቶች" ብሎ ነው የሚጽፈው። እማማ እየሳቁ፣ የማን ልጅ ነህ በይው ይሉኛል፣ እጽፋለሁ፣ እሱ "የኦይቻ ልጅ ታምሩ" ብሎ ይመልሳል፣ ግባ በይው ይሉኛል፣ ግባ ብዬ እጽፋለሁ፣ ወሬው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንድም ቀን ይህን ዘለው አያውቁም፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ደንበኛ ሁሉ ለምዶት አብሮ ይስቅ ነበር።

አንድ እሁድ ነገ ልንሻገር ነው፣ ስሻገር እጽፋለሁ አለ። አልጻፈም። በሚቀጥለውም እሁድ አልጻፈም፣ በሚቀጥለውም። አብረውት ከወጡት ልጆች መካከል የደረሱት ስለ እሱ ሲጠየቁ አንዱ ሌላ፣ ሌላው ሌላ ይናገራል፣ አንዱ ጫካ ውስጥ ተለያየን ይላል፣ ሌላው ጀልባ ላይ ነበር ይላል። ከዚያማ ዓመታት ነጎዱ፣ ስልክ በየኪሱ ገባ፣ እኔም ኢንተርኔት ቤቱን ዘጋሁ፣ ያ ቻት ራሱ የባለቤቶቹ ድርጅት ዘግቶት ከዓለም ጠፋ። እማማ ግን ለቅሶ አልቀመጥም አሉ። ቁርጡን ሳላውቅ አላለቅስም፣ እጽፋለሁ ብሏል፣ ታምሩ ደግሞ ያለውን ያደርጋል ይላሉ። መሃል ላይ ልጅሽ በእጃችን ነው የሚሉ አታላዮች ስልክ እየደወሉ አንገበገቧቸው፣ እሱንም ቻሉት።

ልጃቸው ትዕግስት ጨንቻ የፊዚክስ አስተማሪ ናት፣ የታምሩ ታናሽ። እናቷ በዚህ ሙቀት ወባው እየተመላለሰባቸው እንዳለቁ ስታይ ደጋ ወጥተው ከእሷ ጋር እንዲኖሩ ትለምናቸዋለች፣ እሳቸው ግን ታምሩ ሲመጣ ሲቀላ ነው የሚፈልገኝ ብለው እምቢ ይላሉ። ዘንድሮ ሐኪሙ እንዲህ ከቀጠሉ ሌላ ክረምት አይደርሱም አላት። ትዕግስት ሱቄ መጥታ አለቀሰች፣ እናቴ አንዴ አልቅሳ ትረፍ፣ ከዚያ ይዣት ልውጣ አለችኝ። እኔ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የጸሎት ቤቱ ሰዎች፣ ሁላችን ሆነን ለመንናቸው፣ በመጨረሻ አቀርቅረው እሺ አሉ። ለቅዳሜ ለቅሶው ተቆረጠ።

ወዲያው በመንደሩ የስልክ ግሩፕ ተለጠፈላችሁ፣ የሚያለቅስ ፊት፣ የተሰበረ ልብ፣ የተጣጠፈ እጅ፣ ልጁን በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁ ሰዎች አንድ ምልክት ወርውረው ወደሚቀጥለው ቪዲዮ ያልፋሉ፣ ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ ያናደደኝ አንዱ ፎቶ የሌለው ለቅሶ አያምርም ብሎ መጻፉ ነው። ግን እውነቱን ለመናገር ፎቶ ያስፈልግ ነበር፣ ቤታቸው ያለው የልጅነቱ ብቻ ነው። ያኔ ነው ታምሩ በቻት የላከልኝ ፎቶዎች ትዝ ያሉኝ፣ አንዷን ኮምፒውተር ልቤ እምቢ ብሎኝ ሳልሸጣት በጨርቅ ጠቅልዬ ከባንኮኒው ስር አስቀምጫት ነበር።

ሐሙስ ወደ ማምሻው ላይ ነው፣ ገና አልጨለመም፣ ባጃጆቹ መብራታቸውን ማብራት ሲጀምሩ። እማማና ትዕግስት መጡ፣ ኮምፒውተሯን አውጥቼ ባንኮኒው ላይ ሰካኋት። እኔ አትነሳም ብዬ ነበር፣ ተነሳች፣ ውስጧ እንደ ወፍጮ እያጉረመረመ፣ የተቃጠለ አቧራ እየሸተተች፣ ያ የድሮው ሰማያዊ ስክሪን ሲመጣ አልዋሻችሁም፣ አይኔ እንባ አቀረረ። ቻቱም እንደ ድሮው ልማዱ በራሱ ተከፈተ፣ የደንበኞቼ ስሞች በሙሉ ግራጫ ሆነው ተደርድረዋል፣ ስንቱ አግብቷል፣ ስንቱ ሞቷል። ዝቅ አደረግሁትና ፎቶዎቹን ፈለግሁ፣ አንዱን ጥሩ አገኘን፣ የሰው መኪና ተደግፎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ አፉን ግጥም አድርጎ። ታምሩ ከፊት አንድ ጥርሱ ተሰብሮ ስለነበር ሲስቅ እንኳን ከንፈሩን አይከፍትም።

ትዕግስት ፎቶውን በስልኳ አነሳችው፣ ከዚያ እነዚህ ፎቶ የሚያነቃንቁ የኤአይ ነገሮች አሉ አይደል፣ እሱ ውስጥ አስገባችው፣ ለቅሶው ላይ በትልቅ ስክሪን ሊታይ ነው። ጥቂት ቆይቶ ታምሩ ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ አንገቱን ዘወር አድርጎ ሙሉ ነጭ ጥርሱን ፈገግ አለ። እኔ ዘግንኖኝ ፊቴን አዞርኩ። ትዕግስት ግን ደስ ይላቸዋል ብላ ለእናቷ አሳየቻቸው፣ እማማ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩት፣ ከዚያ ቀስ ብለው መለሱላትና፣ ይህ የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም አሉ። ልጅቷ ከፋት፣ ስለ ድንኳኑ ልነጋገር ብላ ወደ እድሩ ሰብሳቢ ሄደች፣ እኔና እማማ ቀረን።

መንኳኳቱን የሰማሁት ያኔ ነው፣ ኳ ኳ፣ ቀስ ያለ፣ የእንጨት በር ላይ እንደሚንኳኳ። የአንዱ ስልክ ጥሪ መስሎኝ መሳቢያውን ከፍቼ ለጥገና የመጡትን ስልኮች ነካካሁ፣ ሁሉም ዝም ብለዋል። እንደገና ኳ ኳ አለ። እማማ በር ላይ ሰው አለ አሉኝ፣ ብቅ ብዬ አየሁ፣ ከማዶ ሻንጣ የምትሸጠው ልጅ ዕቃዋን ስታስገባ አየሁ እንጂ በሩ ላይ ሰው የለም። ስመለስ ግን ድምፁን አወቅሁት፣ ወዳጆቼ፣ ክው አልኩ፣ እሱ በዚያ በድሮው ቻት ሰው ሲገባ የሚሰማው ድምፅ ነው፣ ከስንት ዓመት በኋላ እንኳ ጆሮዬ አልረሳውም።

ኮምፒውተሯ ከሰካኋት የመብራት ገመድ ሌላ ምንም አልነካትም። የድሮው የስልክ መስመር የሚገባበትን ቀዳዳ እኔው ራሴ በሲሚንቶ ደፍኜዋለሁ፣ ገመዱን አይጥ በልቶታል፣ አየር ላይ የሚሄደውን ኢንተርኔት ደግሞ ይቺ አሮጊት ማሽን አታውቀውም። ይህን ሁሉ ለራሴ እየነገርኩ ቻቱን ከፍ አደረግሁት፣ ከግራጫዎቹ ስሞች መሃል አንዱ በርቷል። የታምሩ ስም ነው። የቆየ ነገር ነው፣ ቫይረስ ነው፣ ቀኑ ተዛብቶባት ነው አልኩ፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ምክንያቱም የራሴን ድምፅ መስማት ፈልጌ ነበር። እጄ ላይ ያለው ፀጉር ግን ቆሟል።

ልክ ያኔ መብራት ሄደ። መብራት መሄዱ ለእኛ ብርቅ አይደለም፣ ሰፈሩ ሁሉ ኤጭ አለ፣ ጎዳናው ጨለመ፣ ጣሪያዬ ላይ የሚሽከረከረው ማራገቢያ እየተንቋቋ ቆመ፣ የኮምፒውተሯም ማጉረምረም ቆመ። ስክሪኗ ግን አልጠፋችም። ያ ዝምታ ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም፣ ውስጧ ምንም ነገር አይሽከረከርም፣ ምንም አይሰማም፣ ብርሃኑ ብቻ እማማ ፊት ላይ ሰማያዊ ሆኖ ተቀምጧል። በዚያው ላይ አንድ ቃል መጣ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ፣ ቤቶች የሚል።

አላነበብኩላቸውም። እሳቸው ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ቃሉን በሌባ ጣታቸው ነኩት። ታምሩ ነው አሉ። ማንበብ አይችሉም ብያችኋለሁ፣ እንዴት አወቁ ስላቸው ያቺን ቃል ስንት እሁድ አይቻታለሁ፣ መልኳን እንዴት አላውቅም አሉኝ። ከዚያ የማን ልጅ ነህ በይው አሉኝ፣ እንደ ድሮው፣ ግን ያኔ እየሳቁ ነበር የሚሉት፣ አሁን አልሳቁም። በእኛ አገር እንዲህ ሲመሽ የሚጣራ ሰው ስሙን ሳይናገር ግባ አይባልም፣ መጀመሪያ ይጠየቃል አሉ፣ ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት ሰማሁ፣ እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነው። ጻፍኩ። ለምን እንደጻፍኩ አትጠይቁኝ፣ እናት ልጄን ጥሪልኝ ስትላችሁ እናንተም ትጽፉ ነበር።

መልሱ ወዲያው መጣ፣ "ያንቺ" ይላል። ይኼው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። አነበብኩላቸው፣ እማማ ቀጣዩን እየጠበቁ ቆዩ፣ የአባቱን ስም ማለቴ ነው፣ አልመጣም። አባቱን አልጠራም አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ታምሩ አንድም ቀን የአባቱን ስም ሳይጠራ ቀርቶ አያውቅም፣ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ማሽኗን ልሸፍናት ጨርቁን ሳነሳ እማማ አንጓዬን ያዙኝ፣ ስንት ዓመት ቆጮ የጨመቀ እጅ ነው፣ ማስለቀቅ አይቻልም።

"ሞተሃል ወይ በይው" አሉኝ።

እማማ ይህን አልጽፍም፣ በጌታ ይዤዎታለሁ፣ ትዕግስት ትምጣ አልኳቸው። አልጮኹብኝም፣ አላለቀሱም። "ቅዳሜ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ሞቷል ሊለኝ ነው፣ አንድ ሰው ግን እሱን የጠየቀው የለም" አሉኝ። ጻፍኩት። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ አጥፍቼ ነው የጻፍኩት፣ ስልከው ደግሞ በሕይወቴ መልስ እንዳይመጣልኝ የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው። መልስ አልመጣም፣ ከታች በኩል ግን ያች ትንሽ መስመር ብቅ አለች፣ ሰው በወዲያኛው በኩል ጣቱን ኪቦርድ ላይ ሲያደርግ የምትመጣው፣ ታምሩ እየጻፈ ነው የምትለው።

አልጠፋችም። እኛ እያየናት ቆየች፣ መብራት መጣ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ የማሽኗ ሆድ ማጉረምረም ጀመረ፣ መስመሯ እዚያው ናት። ትዕግስት ስትመለስ እናቷ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ አገኘችን። ነገርኳት፣ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ተቆጣች፣ እናቴ ስንት ጊዜ ትታለል፣ አንቺም እንዲህ ታደርጊያታለሽ አለችኝ፣ አልፈረድኩባትም፣ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እናገር ነበር። ተንጠራርታ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው። ስክሪኗ አልጠፋችም። ትዕግስት የተነቀለውን ጫፍ በእጇ እንደያዘች ቆመች፣ ፊዚክስ የምታስተምር ሰው ናት፣ ገመዱን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ ከዚያ ዕቃ እንደሰበረ ልጅ ቀስ ብላ መልሳ ሰካችው። ስለዚያ ነገር እስከ ዛሬ አንድ ቃል ተናግራኝ አታውቅም።

እማማ ግን ተናገሩ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ። "ሰው እየተናገረ አይለቀስለትም፣ ንግግሩን ይጨርስ" አሉ። በዚሁ አበቃ። ትዕግስት እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነች፣ ሽማግሌዎች ዓርብ መጥተው ለመኑ፣ ፓስተሩ መጥቶ በዚህ ማሽን ላይ ጸለየበት፣ ዘይትም ቀባው፣ መስመሯ ምንም አልሆነችም። ቅዳሜ ዘመዶቻቸው ከዶርዜ በአይሱዙ ተጭነው ወረዱ፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ በትልቁ ስክሪን ላይ ያ የማን እንደሆነ የማይታወቀው ልጅ ጥርሱን እያሳየ ፈገግ ይላል፣ ለቀስተኛው ሁሉ አለ፣ የሟች እናት ብቻ የሉም። እሳቸው እኔ ሱቅ ነበሩ፣ በርጩማ ላይ፣ ስክሪኑ ፊት። ወደ ከሰዓት ድንኳኑ ፈረሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ይመጣሉ። ደጋ መውጣት የሚባል ነገር አይሰሙም፣ መልሱ የሚመጣው እዚህ ነው ይላሉ፣ ገበያቸውንም ትተዋል። ድሮ ልጃቸውን ሲጠብቁ ቢያንስ ይሠሩ ነበር፣ ከሰው ይጫወቱ ነበር፣ አሁን የሚጠብቁት አንድ መልስ ነው፣ ይህ ደግሞ ሰውን ሙሉ በሙሉ ይበላል። ወባው እንደገና ጀምሯቸዋል፣ አንገታቸው እየቀጠነ ነው። ትዕግስት በሳምንት አንዴ ከጨንቻ ወርዳ በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች፣ ከእኔ ጋር አትነጋገርም። ሐኪሙ በቶሎ ወደ ብርድ አገር ካልወጡ እንደማይተርፉ መናገሩን የሰማሁት ከሰው ነው።

ስክሪኑን ማየት አልችል ስላልኩ እሳቸው ወደ ቤት ሲሄዱ በጨርቅ እሸፍነዋለሁ። ባለፈው ሰሞን ክሊኒክ ሄደው ሱቅ ብቻዬን ሳለሁ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከጨርቁ ስር ኳ ኳ አለ። ገልጬ ቀና ስል ያቺ እየጻፈ ነው የምትለው መስመር የለችም፣ በቦታዋ መልስ ተቀምጧል። ዓይኔ ሳያርፍበት ጨርቁን መልሼ ጣልኩት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አላነበብኩትም፣ አጭር መሆኑን ብቻ አይቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሲመጡም ጨርቁን አላነሳሁትም። ስንት ቀን ጽፎ ስንት ቀን ጽፎ አንድ ቃል የምታክል ነገር ናት።

አነብላቸው ይሆን? ሞቻለሁ የሚል ከሆነ ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ትዕግስት ይዛቸው ትወጣለች፣ ይድናሉ። አለሁ የሚል ከሆነም የሆነ ነገር ይሆናል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ አንድ ቃል ከእኔ አፍ ቢወጣ እኚህ ሴት ሊተርፉ ይችላሉ፣ ሌሊት ሌሊት እየባነንኩ የማስበው እሱን ነው። ግን ያ ነገር የአባቱን ስም አልጠራም። የማን ልጅ እንደሆነ ያልተናገረ ነገር ለአንዲት እናት የጻፈውን ቃል፣ እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ በእኔ አፍ፣ በእኔ ድምፅ ነው የሚሰሙት፣ ያን ጊዜ የተናገርኩት እኔ ልሁን እሱ ይሁን በምን አውቃለሁ? ጨርቁን ለማንሳት ስንት ጊዜ እጄን ሰድጃለሁ መሰላችሁ።

ዛሬ ጠዋትም መጡ፣ ባጃጁ እስከ በሩ ነው ያደረሳቸው፣ በእግራቸው መምጣት አቅቷቸዋል። ጨርቁ ለምን አልተነሳም አላሉኝም፣ እኔም ሙቀቱ ስክሪኑን እንዳያበላሸው ነው የሚለውን ውሸቴን ካዘጋጀሁት ቆይቻለሁ። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ላባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፣ ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብለው መጣ ወይ አሉኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ከጨርቁ ስር ብርሃኑ ጠርዝ ጠርዙን ይታያል።

"ገና ነው እማማ፣ እየጻፈ ነው" አልኳቸው።